ካርታው በማን ስም ነው?

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ጎሕ ሲቀድ የአዲስ አበባን መኪና ከሚጠብቁት መካከል የላስቲክ ፋይል ደረቱ ላይ አቅፎ የቆመ አንድ ሰው አይጠፋም። ሻንጣውን ለረዳቱ ያስረክባል፤ ጣሪያ ላይ ሲታሰርም ዞሮ አያይም። ፋይሉን ግን ለማንም አይሰጥም። ቢገለጥ ውስጡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የቦታው ካርታ፣ የዓመቱ የግብር ደረሰኝ፣ ዳሩ የተጠቀለለ የመታወቂያ ኮፒ፣ ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ውክልና። ውክልናው ፕሪቶሪያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም ተመቶበታል፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ ካልተረጋገጠ ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ ሰውየው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ተሰልፎ፣ አስመትቶ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ መንከራተት ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ቤቱ የማን ነው? በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ይህ ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሲሰጠው ኖሯል። ቤቱን የሚሰርቀው ሌባም መልሱ በተለወጠ ቁጥር መልኩን እየለወጠ ተከትሎታል።

ወረቀት ከመምጣቱ በፊት መልሱ ያለው ጓሮ ነበር። እንሰት እንደ ጤፍ በዓመቱ የሚታጨድ አይደለም። ችግኙ እየተነቀለ ቦታ ሲቀየርለት፣ ፍግ ሲለብስ፣ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ቤቱን የከበበው፣ አንዱ ጨቅላ ሌላው ለምግብ የደረሰ፣ በየዕድሜው የቆመ እንሰት ራሱ ሰነድ ነበር፤ ቤተሰቡ እዚያ ምን ያህል ዘመን እንደኖረ አላፊ አግዳሚው አይቶ ይገምታል። ድንበር ሲገፋ ነገሩ ለጎሳ ሽማግሌዎች ይቀርባል፤ ሀዲያዎች «ሴራ» በሚሉት ሥርዓት ጎረቤት ይጠየቃል፣ ይመሰክራል። እንዲህ ያለውን ይዞታ በድብቅ መስረቅ አይቻልም። የሰውን ጓሮ የኔ ነው ለማለት ወይ መንደሩን ሁሉ ማሳመን፣ ወይ መንደሩን ሁሉ ማስፈራራት ይጠይቃል።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. የሆነው ሁለተኛው ነው። የምኒልክ ጦር ሀዲያንና ከምባታን ካስገበረ በኋላ ቀላድ መጣ። ቀላድ ገመድ ነው፤ ገመዱ ያለፈበት መሬት ለመንግሥት፣ ለወታደር፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለባላባት ተደለደለ፤ እንሰቱን የተከለው ሰው በአያቱ ጓሮ ላይ ገባር ሆነ። በዚህ አገር የመሬት መዝገብ መጀመሪያ የመጣው ባለይዞታውን ሊጠብቅ ሳይሆን መሬቱ ለማን እንደተሰጠ ሊጽፍ ነው። የመጀመሪያው የካርታ ስርቆት ይህ ነበር የሚል ሰው ቢነሳ ክፉኛ አይፈረድበትም። ሆሳዕና ራሷ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ቦታ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው የከምባታ ገዥ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ቀን ስለገቡባት እንደሆነ ይነገራል። የጥንቱ ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ ይነበባል።

በሰሜኑ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበር። በጎንደር ዘመን መሬትና ቤት የገዛ ሰው ውሉን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ያስጽፍ ነበር፤ የሻጩ ስም፣ የገዢው ስም፣ ዋጋው፣ የምስክሮቹ ዝርዝር፣ በስተመጨረሻም ውሉን የሚያፈርሰውን ሁሉ የሚያስር ውግዘት። ለንብረት ጥበቃ የቆመው ቅጣት እስር ሳይሆን ግዝት ነበር ማለት ነው። በዛሬ ዓይን የዋህነት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያ መዝገብ በአንድ እጅ ብቻ የሚያዝ አልነበረም፤ ካህናቱ ያውቁታል፣ ምስክሮቹ ያውቁታል፣ ገጹን መቅደድ ወንጌል መቅደድ ነው። ብዙ የማዘጋጃ ቤት ፋይል እንዲህ ዓይነት ዘበኛ ኖሮት አያውቅም።

ዓለማዊው ካርታ የመጣው በአዲስ አበባ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የምኒልክ ደንብ በከተማዋ ውስጥ መሬት በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ መንገድ ከፈተ። ያኔ የተጀመረው በማኅተም የሚሰጥ የከተማ ቦታ ወረቀት ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ አገር ከተሞች ወረደ። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ የአካባቢው ሰው ፍርድ ቤትም ሆነ የመንግሥት መዝገብ ቤት ፍለጋ የሚመጣው ወደዚህች ከተማ ነው።

ዋናው ሕግ ግን መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የ1952 አዋጅ ሲሆን ረቂቁን ያሰናዱት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የአማርኛው ቅጂ «ባለቤት» ለማለት «ባለሀብት» ይላል። ዛሬ ባለሀብት ሲባል ፋብሪካ ያለው ሰው ነው የሚታሰበው፤ በዚያ ሕግ ዓይን ግን አንዲት የጭቃ ቤት ያለቻት መበለትም ባለሀብት ናት። አንቀጽ 1195 እንደሚለው የአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት የምስክር ወረቀት የሰጠው ሰው የዚያ ንብረት ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል። ልብ መባል ያለበት የግሱ ልክ ነው። «ነው» አይልም፤ ይገመታል ነው የሚለው።

ግምት ደግሞ ይፈርሳል። የሚፈርስበትን መንገድ ተከታዩ አንቀጽ 1196 ይዘረዝራል። ወረቀቱ ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ እንደሆነ፣ መነሻው የማይጸና ውል እንደሆነ፣ ወይም ከሳሹ ንብረቱን ያገኘው ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ እንደሆነ ካርታ የያዘው ሰው ሊረታ ይችላል። አንቀጽ 1197 አስተዳደሩ የቀድሞው ወረቀት ሳይመለስለት ወይም ሳይሰረዝ በዚያው ንብረት ላይ አዲስ ወረቀት እንዳይሰጥ ይከለክላል። ለአንድ ቦታ ሁለት ካርታ ወጥቶ ፍርድ ቤት የሚተያዩ ሰዎች ሁሉ፣ የጠባቸው መነሻ የዚህች አንዲት አንቀጽ መዘንጋት ነው። የቤት ባለቤትን ከወረቀት ሌባ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ሕግ አጥንቱ ይኸው ሦስት አንቀጽ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የጎደለውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። የሦስተኛው መጽሐፍ አሥረኛ አንቀጽ፣ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ባሉት 94 ድንጋጌዎች፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዴት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚይዘው፣ የተጻፈው እንዴት እንደሚሰረዝ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ሆኖም የሕጉ የመሸጋገሪያ ክፍል ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ የሚውለው በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ በሚወሰን ቀን ነው ብሎ አሳደረው። ያ ቀን አልመጣም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ ሄደ፣ 94ቱ ድንጋጌዎች እንደተኙ ናቸው። ከተሞቹ በልማድ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚይዘው ፋይልና በመዝገብ ቤት ሠራተኛው ትውስታ ሲሠሩ ኖሩ።

በሌላው ዓለም የተያዘው መንገድ ሌላ ነበር። ሮበርት ቶረንስ እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ ባስጀመረው ሥርዓት መዝገቡ ምስክር ብቻ ሳይሆን ራሱ ባለቤትነት ሆነ፤ በመዝገቡ ስህተት ወይም በማጭበርበር ቤቱን ያጣ ሰው ደግሞ ለዚሁ ከተቋቋመ ገንዘብ ይካሳል። የኢትዮጵያው ሕግ እውነተኛው ባለቤት በክርክር ቤቱን እንዲያስመልስ በሩን ክፍት ይተዋል፤ የቶረንስ ሥርዓት በሩን ዘግቶ ኪሳራውን በገንዘብ ይከፍላል። አያቱ የተቀበሩበትን ግቢ ለተነጠቀ የዱራሜ ሰው የትኛው ይሻለዋል ቢባል መልሱ ለመገመት አያስቸግርም። ክርክሩ ስንት ዓመት ይፈጃል ብሎ የጠየቀ ግን ሊያመነታ ይችላል።

1967 ዓ.ም. ጥያቄውን ራሱን ለወጠው። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያውም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው ቦታው አይደለም፤ በላዩ ያለው ቤት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ሕዝቡ መላ አላጣም። ባዶ ቦታ የሚሸጥ ሰው ሁለት ቆርቆሮ የጣለባት ጎጆ ያቆምና ውሉን የቤት ሽያጭ ያሰኘዋል። ከከተማ ዳር ያለ ገበሬ ደግሞ «ስጦታ» ወይም «ብድር» በሚል ስም ያስተላልፋል። ደላላው ቁጭ ብሎ ያጽፋል፣ ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ ብሩ ይቆጠራል።

የዚህ ዓይነቱ ውል አደጋ ሌባ እንኳ ሳያስፈልገው ገዢውን ባዶ እጁን የሚያስቀር መሆኑ ነው። የቦታው ዋጋ ሲጨምር ሻጩ ወይም የሻጩ ልጅ ፍርድ ቤት ይሄድና ሕገ መንግሥቱ የከለከለውን መሬት ነው የሸጥኩት፣ ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። ውሉ ሲፈርስ ወገኖቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ገዢው ከዓመታት በፊት ወደከፈለው ብር፣ ሻጩ ዛሬ እጥፍ ድርብ ወደሚያወጣው ቦታ።

ዋጋውን ያናረው ደግሞ መንገደኛው ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከየገጠር ቀበሌው እጅግ ብዙ ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። መሬት ጠባብ ነው፤ ከምባታ በአገሪቱ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። ጆሃንስበርግ ጄፒ መንደር ውስጥ ብርድ ልብስና ጫማ እየሸጠ፣ ወይም በገጠር «ሎኬሽን» በሚሉት ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ያጠራቀመውን ወደ አገር ቤት ይልካል። መጀመሪያ ለአባት ቆርቆሮ ቤት፣ ቀጥሎ ለራስ በከተማ ቦታ። ሆሳዕና ውስጥ ሰው የማይኖርበት ፎቅ፣ ዘበኛ ብቻ የሚያድርበት ግቢ ማየት የተለመደ ነው።

ባለቤቱ በሌለበት ካርታ በማን ስም ይወጣል? በወንድም ስም፣ በአባት ስም፣ በአጎት ስም። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ኤምባሲ ለመሄድ ይፈራል፤ ስልክ ግን ይደውላል፣ ሐዋላ ይልካል። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ አንቀጽ 1195 እጁን ይዞ የሚያቆመው የራሱን ወንድም ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የቤት ነጣቂው ሐሰተኛ ማኅተም የቀረጸ ባዕድ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ስሙ በትክክል፣ በሕጋዊ መንገድ ካርታው ላይ የሰፈረ የእናት ልጅ ነው። ብሩ የኔ ነበር የሚለው ሰው ሐዋላውን፣ የስልክ መልእክቱን፣ ምስክሩን ሰብስቦ ያስረዳ ዘንድ ይገደዳል። ብዙው ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌ ፊት የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ሽማግሌ አንዱን ፎቅ ለሁለት ሊያካፍል ይችላል፤ ዳኛ ግን ካርታውን ነው የሚያየው።

ነጣቂው የሚገባበት ሁለተኛው በር ውክልና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እዚህ ላይ ሳይታሰብ ለስደተኛው የተጻፈ ይመስላል። በአንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ማከራየት፣ መሰብሰብ፣ ማሳደስ። ቤት ለመሸጥ ወይም አስይዞ ለመበደር በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «በማናቸውም ጉዳይ እንደኔ ሆኖ» የሚለው አስደሳች ሐረግ ብቻውን ቤት አያሸጥም ማለት ነው። ወካዩ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮ ይሞታል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቁ በራፍ ላይ የተገደለ ወጣት ውክልና በማግሥቱ ዋጋ የለውም። ችግሩ የሞት ዜና ሐዘንተኛው ቤት እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ የማይደርስ መሆኑ ነው። በሞተ ሰው ውክልና የሚደረግ ሽያጭ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ቀጣዩ አጥር ውሉ የሚጸናበት ሥፍራ ነው። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ሰው ግን ለዘመናት በሰፈር ውልና በሦስት ምስክር ሲሸጥ ሲገዛ ኖረ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አንቀጽ ቃል በቃል አነበበው፤ እዚያ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም። የሰበር ትርጓሜ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ለሥር ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ተደርጎ ስለነበረ ውሳኔው ያናወጠው የሰፈር ውል ብዙ ነው። በሰፈር ውል ገዝቶ የኖረ ቅን ገዢ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ቀረ፤ ሽጦ ውሉን የካደ ደግሞ ዳነ። ችሎቱ በኋላ ሻጩ ራሱ ውሉን መፈረሙን ካመነ ፎርሙ አልተሟላም ብሎ እንዳያመልጥ ጠበብ አድርጎታል። ሌባን ለመከላከል የተሠራ አጥር ከዳተኛን የሚሸሽግበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሰነድ ማረጋገጥ በአዋጅ ቁጥር 334/1995፣ ኋላም በ922/2008 ራሱን የቻለ ሕግ አገኘ። መስኮቱ ላይ የሚጠየቀው ዝርዝር በሽያጭ ላይ ለተገኘ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሁለቱ ወገን መታወቂያ፣ ካርታው፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ። የመጨረሻው ብዙ ሻጭ የሚያጉረመርምበት ነው። ምክንያቱ ግን የቤተሰብ ሕጉ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሳትጠየቅ የተሸጠባት ሚስት ባወቀች በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ባሏ ጆበርግ ሆኖ እሷ ግቢውን ለምትጠብቅ ሴት፣ ያቺ የተጠላች «ያላገባ» ወረቀት የበሯ ቁልፍ ናት።

ገጠሩ በዚህ ከከተማው ቀድሟል። በ1997ቱ የፌዴራልና በ1999ኙ የቀድሞው ደቡብ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ፎቶግራፉ ቀላል ነገር ይመስላል፤ መጻፍና ማንበብ በማይቻልበት ቤት ግን ከፊርማ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ማንም ሌላ ሴት አምጥቶ «ባለቤቴ ናት» ብሎ እንዳያስፈርም ፊቷ እዚያ አለ።

ከተሞቹ የራሳቸውን መዝገብ ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ነው። የተኙትን 94 ድንጋጌዎች የሚቀሰቅስ ባይሆንም፣ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ተለክቶ፣ የራሱ መለያ ኮድ ተሰጥቶት፣ መብቱ ተጣርቶ ካዳስተር በሚባለው የመሬት መዝገብ እንዲመዘገብ አዝዟል። በማጣራቱ ሥራ ባለይዞታው ወሰኑን ያሳያል፣ አዋሳኞቹ ይጠራሉ፣ ውጤቱም ሰው አይቶ እንዲቃወም ይለጠፋል። ሽማግሌ እንሰት መካከል ቆሞ ጎረቤትን የሚጠይቅበት የጥንቱ ሥርዓት በጂፒኤስ ታጅቦ ተመለሰ ቢባልስ?

ኮምፒውተር ብቻውን ሌባን አያስቆምም፤ ይህን አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. አይታለች። ከተማዋ 25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በኮምፒውተር ዕጣ ካወጣች ከቀናት በኋላ መረጃው ውስጥ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም መግባቱ ታወቀና ዕጣው ተሰረዘ። የተሠራው ወንጀል በማኅተም ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ ነበር። ኒው ዮርክም ከዚህ አትርቅም፤ በብሩክሊን የአረጋውያን ጥቁር አሜሪካውያን ቤቶች በሐሰተኛና በማታለያ ፊርማ ሲነጠቁ ከቆዩ በኋላ፣ ግዛቲቱ የቤት ሰነድ ስርቆትን በስሙ ጠርታ የስርቆት ወንጀል ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ስም የሚጠራ ወንጀል የለም፤ ዐቃቤ ሕግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድን ወይም አታላይነትን መርጦ ይከሳል።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን የቢሮው ሰሌዳ በዛ፣ ቦታ ፈላጊውም በዛ። ማንነት የሚጠየቅበት መስኮት ላይ አሁን ፋይዳ የሚሉት ዲጂታል መታወቂያ እየገባ ነው፤ የጣት አሻራውና የዓይን ብሌኑ የተመዘገበ ሰው በሌላ ሰው ስም እንዲፈርም ማድረግ እንደ ቀድሞው አይቀልም።

በእነዚህ መስኮቶች ፊት ደጋግሞ የሚታይ ትዕይንት አለ። ነጠላ ያጣፉ እናት ስልካቸውን ወደ መስታወቱ ያስጠጋሉ፤ ስልኩ ውስጥ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ከጆሃንስበርግ በቪዲዮ ይታያል። «ይኸው እሱ ራሱ ነው፣ ጠይቀው» ይላሉ። ሠራተኛው ፊቱን ያያል፣ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ምናልባትም የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ በስሙ ይጠራዋል። ከዚያ ወደ እናቱ ይዞራል።

«ማዘር፣ ውክልናውስ?»